ሮም ለስብሰባ የሚሄድ ነጋዴ ሁለት ቀን ይጨምር

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ባልባላ ሻይ ቤት ተቀምጠን ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ ሮም ለሚደረግ የእንስሳት ጤና ስብሰባ ተጋብዟል። ስብሰባው ሦስት ቀን ነው፤ እሱ ግን አምስት ቀን ልቆይ አለ። «ለሥራ ነው የምትሄደው ወይስ ለሽርሽር?» ብለው ብዙዎቹ ተነሡበት። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ።

የተቆጡት ሰዎች ግን እውነት አላቸው። በማኅበር መዋጮ ሄዶ፣ ኮሎሲየም ፊት የተነሣውን ፎቶ ሲያሳየን ከርሞ፣ ስብሰባው ላይ ምን ተባለ ሲሉት «ጥሩ ነበር» ብሎ ያለፈ ሰው አይተናል። ያንን መዋጮ የከፈለው ደግሞ በጋላፊ በኩል አሥራ አምስት ፍየል አምጥቶ ትርፉ በመኖና በውሃ የሚያልቅበት ወንድማችን ነው። ስለዚህ የሚጨመረው ቀን አልጋውም ምግቡም ከራስ ኪስ ይሁን። የማኅበሩ ገንዘብ ስብሰባው ያለቀ ዕለት ያልቃል።

ቪዛውም እንዲሁ በግልጽ ይሁን። ሸንገን በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ይፈቅዳል እየተባለ ይወራል፤ ብዙ ጊዜ በእጅ የሚሰጠው ግን ማመልከቻው ላይ በጻፍነው የጉዞ ቀን ልክ ነው። ሁለቱን ቀን ከመጀመሪያው ጻፉ፣ ሆቴሉን እስከ መጨረሻዋ ሌሊት አስይዙ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነውን የጉዞ መድንም እስከዚያው አድርሱት። ቀኑን አሳልፎ የሚቀር ሰው በሩን የሚዘጋው ከኋላው በሚመጣው ነጋዴ ላይ ነው። (ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት የሚጋበዝ ካለ ግን ይቅርበት። ከብቱ ዳመርጆግ ገብቶ ባለቤቱ ሮም ሊሆን አይችልም።)

ቀኑ ተጨምሮ ምን ይታይበታል? እኔ ስሄድ ሦስቱን ቀን ከሆቴል አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ሆቴል ስመላለስ አሳልፌ ተመለስኩ። አጠገቤ ምን እንደነበረ ያወቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ የምንለው፣ የሚገኝበት ሕንፃ መጀመሪያ ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው። ከፊቱ ባለው አደባባይ፣ ፖርታ ካፔና፣ ከ1937 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው የምጽፈው) የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ሦስት ቦታ ተከፍሎ በ2005 በአውሮፕላን አገሩ ገባ፤ በ2008 ተመልሶ ቆመ። እዚያ አደባባይ ላይ የሚቆም የእኛ ሰው ግን ስለ ሐውልቱ ብቻ አያስብ። በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት የመጣው ደስታ በሽታ ነው የኢትዮጵያን በሬ ጨርሶ ክፉ ቀንን ያመጣው። የበሽታው ስም «ደስታ» መባሉ ምናልባት የአባቶቻችን ክፉን በደግ ስም የመጥራት ልማድ ይሆናል። ያው በሽታ ከምድር ጠፋ ተብሎ የታወጀውም እዚያው ሮም፣ በፋኦ ጉባኤ፣ ሰኔ 2011 ነው። አንድ አደባባይ ላይ ቆሞ የበሽታውን መግቢያም መውጫም ማሰብ የሚቻልበት ሌላ ከተማ አላውቅም። አሁን በየስብሰባው የሚነሣው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ እስከ 2030 ይጠፋል የተባለው ዕቅድም የዚያ ሥራ ተከታይ ነው። የእኛን ፍየል በቀጥታ ይነካል።

ከዚያ በጥንቱ የፈረስ መሮጫ፣ ቺርኮ ማሲሞ፣ ዳር ዳሩን ወደ ወንዙ ቢሄዱ፣ በእግር ሩብ ሰዓት ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው፣ የጥንት ሮማውያን የከብት ገበያ ቦታ ይደርሳሉ። ፎሩም ቦአሪዩም ይባላል፤ የበሬ ገበያ ማለት ነው። አጠገቡ በቲቤር ወንዝ ላይ ወደብ ነበረ። ገበያና ወደብ ጎን ለጎን ለምን እንደሚሆኑ ለጂቡቲ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። እዚያ አንድ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው የድንጋይ በር አለ። በ204 ዓመት ያሠሩት የገበያው ገንዘብ መንዛሪዎችና የከብት ነጋዴዎች ናቸው፤ ለንጉሡ ለሴፕቲሚዮስ ሴቬሩስና ለቤተሰቡ መታሰቢያ ብለው። የነጋዴዎቹ ሙያ በጽሑፉ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል፣ የሚሠዋ በሬም ተቀርጾበታል። (የንጉሡ ልጅ ካራካላ ወንድሙን ካስገደለ በኋላ የወንድሙን ምስልና ስም ከበሩ ላይ አስፍቆታል፤ የፋኦ መንገድ የተሰየመው በዚሁ ሰው መታጠቢያ ቤት ነው።)

ይህ ለእኔ ከኮሎሲየም ይበልጥብኛል። መንዛሪና ከብት ነጋዴ አንድ ላይ አዋጥተው ስማቸውን በድንጋይ አስቀረጹ። እኛ በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲና በየመን ተነሥቶ ሳዑዲ የአፍሪካ ቀንድን እንስሳ በከለከለች ጊዜ፣ ዳመርጆግ ያለው ኳራንታይን በ2006 ሥራ እስኪጀምር፣ ስንት ነጋዴ ከሥራ እንደወጣ የሚነግር አንድ ወረቀት እንኳ ማኅበራችን ውስጥ አላየሁም። ስብሰባ ላይ «የነጋዴው ድምፅ የት አለ?» ሲባል የምናቀርበው የለንም። የሚሄደው ሰው ያንን በር አይቶ ቢመለስ፣ ቢያንስ የከለከላውን ዘመን ታሪክ ከሽማግሌዎቻችን መጻፍ ይጀምር ይሆናል።

ወዳጃችን ማመልከቻውን በአምስት ቀን አድርጎ አስገብቷል። የበሩን ፎቶ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ። ስለ ደስታ መሰል ክትባቱ የተባለውን ግን መጀመሪያ ይናገር፤ ፎቶው ከሻዩ በኋላ ይደርሳል።