ዘበኛው አልተሳሳተም፦ ስለ ፋይል ፈቃድ ስህተቶች የቀረበ ምላሽ

በሲስተም ባለሙያዎች ዘንድ ስለ ፋይል ፈቃድ ስህተት አንድ አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። ስህተት መኖሩ የሚታወቀው «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚል መልእክት ሲወጣ ነው፤ ምርመራውም ከልካዩን ፍተሻ ከመከተል ይጀምራል ይባላል። አዲስ ገቢው ከነባሩ የሚማረውም ይህንኑ ነው። እኔ አልስማማም። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከተገኙት አደገኛ የፈቃድ ስህተቶች ብዙዎቹ ማንንም አልከለከሉም፤ ለማይገባው ሰው ፈቀዱ እንጂ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ የቀረበለትን ወረቀት በትክክል አንብቧል። ወረቀቱ ሲጻፍ ነው የተበላሸው።

ነባሩ ዘዴ ፋይዳ የለውም ማለቴ አይደለም። ፈቃዱ 044 የሆነ ፋይል እንውሰድ፦ ሌላው ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ ባለቤቱ ግን ማንበብ አይችልም። ባለቤቱ ከርነሉ ተሳስቷል ብሎ ቢያማርር አይፈረድበትም። ከርነሉ ግን ልክ ነው፤ ጠያቂው ባለቤት መሆኑን ካረጋገጠ የባለቤትን ቢቶች ብቻ አይቶ ይወስናል፣ ወደ ቡድንና ወደ ሌሎች አይወርድም። ወደ ፋይሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ዳይሬክተሪዎች አንዱ የማለፍ ፈቃድ ሲያጣም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ክልከላውን እየተከተሉ ማግኘት ይቻላል። ሳይገባው የተፈቀደለት ሰው ግን አቤቱታ አያቀርብም፤ ክልከላን ብቻ የሚከተል መርማሪም እዚያ አይደርስም።

እ.ኤ.አ. በ2018 በከርነሉ «አይኖድ ኢኒት ኦውነር» በተባለው ተግባር ላይ የታረመውን ስህተት ቀረብ ብለን እንየው። አንድ የጋራ ዳይሬክተሪ የሴትጂአይዲ ቢት አለው፤ ስለዚህ በውስጡ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የዳይሬክተሪውን ቡድን ይወርሳል። ዳይሬክተሪው ላይ ከቡድኑ ውጭ ያሉ ሰዎችም መጻፍ ይችላሉ። የቡድኑ አባል ያልሆነ ተጠቃሚ ፋይል ይፈጥራል፤ ሲፈጥርም ሴትጂአይዲና የማስኬድ ፈቃድ አብረው እንዲሰጡት ይጠይቃል። ከርነሉ የዳይሬክተሪውን ቡድን ይሰጠዋል፣ የጠየቀውንም ቢት ይተውለታል። በዚህ መንገድ ቡድኑ ውስጥ የሌለ ሰው በቡድኑ ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም እጁ ይገባል። ያው ሰው ፋይሉን ከፈጠረ በኋላ ቢቱን በቻሞድ ሊጨምር ቢሞክር ኖሮ ከርነሉ ቢቱን ያነሳበት ነበር። ሕጉ ቻሞድ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ፋይሉ የሚወለድበት ቦታ ላይ ግን አልተጻፈም ነበር።

ሊነስ ቶርቫልድስ ያቀረበው እርማት ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም የፋይሉን ባለቤትና ፈቃድ የሚይዘውን አይኖድ የሚያዘጋጅበት የራሱ ኮድ ስለነበረው ያው ቀዳዳ ከዓመታት በኋላ እዚያ ተገኘ። የቅደም ተከተል ችግርም ነበረ። እርማቱ ቢቱን የሚያነሳው ሴትጂአይዲና የቡድን የማስኬድ ፈቃድ አብረው ሲገኙ ነው። ከአዲስ ፋይል ላይ ፈቃዶችን የሚቀንሰው ዩማስክ ቀድሞ የማስኬዱን ፈቃድ ከቀነሰ ሁኔታው አይሟላም፣ ሴትጂአይዲውም ሳይነሳ ይቀራል። በ2022 ቢቱን የማንሳቱ ሥራ ለፋይል ሲስተሞች ሁሉ የጋራ ወደሆነው ወደ ቪኤፍኤስ ተዛውሮ ከዩማስክ በፊት እንዲፈጸም ተደረገ። ይህ ሁሉ ሲሆን መዳረሻን የሚፈቅደውና የሚከለክለው ፍተሻ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

በ2020 የታረመው የኤንኤፍኤስ ሰርቨር ስህተትም የዚሁ ዘመድ ነው። ኤሲኤል (ዝርዝር የፈቃድ መዝገብ) የሚደግፍ ፋይል ሲስተም ዩማስክን ራሱ ያሰላል። ለማይደግፈው፣ ፋይል መክፈቻው የተለመደ መንገድ ያሰላለታል። የኤንኤፍኤስ ሰርቨር ግን በዚያ መንገድ አያልፍም ነበር። ስሌቱን ማንም ሳይሠራው ቀረ፤ 666 ተጠይቆ በዩማስክ 022 ወደ 644 መውረድ የነበረበት ፋይል ለማንም ጸሐፊ ክፍት ሆኖ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ተጠቃሚው ስክሪን ላይ ምን ያያል? ምንም። በ2023 የታወቀው የኦቨርሌይኤፍኤስ ስህተትም ፋይል ከታችኛው ንብርብር ወደ ላይኛው ሲገለበጥ የተፈጠረ ነው።

እንግዲህ መርማሪ ከየት ይጀምር? ፋይሉ ከተፈጠረባት ቅጽበት። የተጠየቀውን ፈቃድ፣ ዩማስኩን፣ የወላጅ ዳይሬክተሪውን ቢቶችና ቡድን ይመዝግብ፤ ከዚያ ወዲያው በስታት የወጣውን ውጤት ከሚጠበቀው ጋር ያስተያይ። ይህንንም በሁሉም መፍጠሪያ መንገዶች ያድርገው፦ በኦፕን፣ በኤምኬዲር፣ በኤምኬኖድ፣ በኔትወርክ በኩልም። ችግር በመጣ ቁጥር «777 ስጠውና ይለፍ» የሚባለው ልማድ ደግሞ ሊታይ የሚገባውን ማስረጃ ራሱን ያጠፋል፤ በፋይሉ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ከዚያ በኋላ ማወቂያ የለም።

በሩት የሚደረግ ሙከራ ለዚህ አይበቃም። ሩት የተለመደውን ፍተሻ የማለፍ ሥልጣን አለው፣ ሴትጂአይዲንም እንዲያቆይ ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ ከላይ ያየነው ጥፋት በሩት ሲሞከር ትክክለኛ ውጤት መስሎ ይታያል። የፋይል ሲስተም ኮድ የምትጽፉና የምትፈትሹ ወገኖቼ፣ ቀጣዩን ሙከራችሁን የቡድኑ አባል ባልሆነ ተራ ተጠቃሚ ስም አሂዱት፤ ሥራው ያለምንም መልእክት ሲያልፍም በፋይሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።