ቤት ከመግዛትዎ በፊት ያዳምጡ

በእንግሊዝ፣ ሚልደንሆል አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1975 ፈቃድ ያገኘ የሞተር ብስክሌት መወዳደሪያ ስታዲየም አለ። በ2006 በአካባቢው ቤት የገዙ ጥንዶች በጩኸቱ ተማረው ከሰሱ። በ2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ጩኸቱ እያለ የመጡት እነሱ ናቸው» የሚለውን መከላከያ አልተቀበለም።

ሕጉን ለባለሙያዎቹ እንተወውና ወደ ጤናው እንምጣ። «ይለመዳል» የምንለው ጩኸት ተኝተን ሳለ እንኳ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ሲደጋገም እንቅልፍ ይነሳል፣ ለደም ግፊትም ያጋልጣል። በሌላ በኩል ማዘውተሪያው የሚዘጋበት ስፖርተኛም ተጎጂ ነው።

ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ ሰጪዎች በመወዳደሪያና በመኖሪያ መካከል በቂ ርቀት ይተዉ። እርስዎም ውድ አንባቢ፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ውድድር ባለበት ቀን ሄደው ያዳምጡ። ልጆችዎን ወደ ውድድሩ ሲወስዱም የጆሮ መከላከያ ያድርጉላቸው።