ሱጁድ ያስቀጣው ተከላካይ

በአሜሪካን ፉትቦል ተከላካይ ነጥብ የሚያስቆጥርበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2014 ይህ ዕድል ለካንሳስ ሲቲ ቺፍሱ ሁሴን አብዱላህ ገጠመው። ዝነኛው የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ተጫዋች ቶም ብሬዲ የወረወረውን ኳስ ጠልፎ 39 ያርድ ሮጠና አስቆጠረ። ወዲያው በጉልበቱ ተንሸራትቶ ሱጁድ ወረደ። ዳኞቹ ግን ቡድኑን በ15 ያርድ ቀጡት።

ቺፍስ 41 ለ 14 ስላሸነፈ ቅጣቱ ውጤቱን አልቀየረም። ጥያቄው ግን አልበረደም። የሊጉ ደንብ በወቅቱ መሬት ላይ ወርዶ ደስታን መግለጽን ይከለክል ነበር፤ ለእምነት ሲባል የሚደረገው ግን አያስቀጣም። ክርስቲያን ተጫዋቾች ተንበርክከው ሲጸልዩም የተለመደ ነበር። በማግስቱ ሊጉ አብዱላህ መቀጣት እንዳልነበረበት አስታወቀ። እሱ ራሱ ያስቀጣው መንሸራተቱ ይሆናል ብሎ ነገሩን ሳያካርር አለፈው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። መብት በደንብ ላይ ስለሰፈረ ብቻ አይከበርም፤ ፊሽካውን የያዘው ሰው ያየውን ነገር ምንነት ማወቅ አለበት። ሱጁድን ከጭፈራ ለይቶ የማያውቅ ዳኛ፣ ክፋት ባይኖረውም እንኳ ይቀጣል።

አብዱላህ እምነቱን ደብቆ የኖረ ሰው አልነበረም። ለሚኒሶታ ቫይኪንግስ ሲጫወት ረመዳን ከነሐሴው ከባድ ልምምድ ጋር ሲገጥም ይጾም ነበር። የቡድኑ ባለሙያዎችም ይህን አውቀው ከመግሪብ እስከ ሱሑር ያለውን አመጋገቡን አብረውት አቀዱ። በ2012 ደግሞ ከወንድሙ ከሐምዛ ጋር ሐጅ ለማድረግ የውድድር ዘመኑን ሙሉ ተወ። በየዓመቱ ወጣቶች በሚጎርፉበት በዚህ ሙያ አንድ ዓመት መቅረት እንጀራን እስከ ማጣት ሊያደርስ ይችላል። እሱ ግን በ2013 በቺፍስ ተመለሰ። በ2016፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ አምስት ጊዜ የአንጎል መናወጥ ከደረሰበት በኋላ ጤናውን አስቀድሞ ጫማውን ሰቀለ።

ልጆቻቸው ጾመው ትምህርት ቤት የሚውሉና ስፖርት የሚሠሩ ቤተሰቦች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት አለ። በሚኒሶታ አስቀድሞ የታወቀው ጾም እገዛ አስገኘ፤ ሜዳ ላይ ያልታወቀው ሱጁድ ቅጣት አመጣ። እናም አሠልጣኙም ሆነ መምህሩ ስለ ልጁ ጾም ማወቅ ያለበት ልጁ ከደከመ በኋላ አይደለም፤ ረመዳን ሳይገባ ነው።