የፍጥነት ወሰን፦ ለማን? በማን?

በከተማ ጎዳና ዳር የሚቆመው፣ በቀይ ክብ ውስጥ 30 ወይም 40 የሚል ቁጥር የያዘው ምልክት ለአላፊ አግዳሚው ተራ ነገር መስሎ ይታያል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ቁጥሩ የፍርድ ውጤት ነው። በአንድ ወገን ቶሎ ለመድረስ የሚሻ አለ፤ በሌላው ወገን በሕይወት ለመድረስ የሚሻ አለ። የፍጥነት ወሰን ማለት በእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መካከል ኅብረተሰቡ በአስተዳደሩ አማካይነት የሚያሰምረው መሥመር ነው። ስለሆነም መሥመሩን የሚያሰምረው ማን ነው? መለኪያውስ ምንድን ነው? ሁኔታው ሲለወጥ እንዴት ይታረማል? የሚሉት ጥያቄዎች ለመሐንዲሱና ለትራፊክ ፖሊሱ ብቻ የሚተዉ ሳይሆኑ፣ የከተማ ነዋሪውንና የሠራተኛውን ኑሮ በቀጥታ የሚነኩ ናቸው።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለመመልከት ወላይታ ሶዶን እንውሰድ። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 76,050 ነዋሪዎች ነበሯት። ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ የአስተዳደርና የፖለቲካ መቀመጫ ሆናለች። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሳውላና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙት እዚሁ ነው። የጭነት መኪናው፣ የሕዝብ ማመላለሻው፣ ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ፣ ከዳሞታ ተዳፋት ሸክሟን ይዛ ወደ ገበያ የምትወርደው ገበሬ፣ ደብተሩን ያነገበው ተማሪ፣ ሁሉም የሚጓዙት በአንድ አስፋልት ላይ ነው።

መሠረታዊው ቅራኔም የሚመነጨው ከዚህ ላይ ነው። አንዱና ያው መንገድ በሁለት ባሕርይ ይኖራል። ከአገር አቀፉ የመንገድ መረብ አንፃር ሲታይ ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ አውራ ጎዳና ነው። ከነዋሪው አንፃር ሲታይ ግን ገበያ፣ የትምህርት ቤት ደጅና የሰፈር አደባባይ ነው። ከሩቅ የመጣው ሹፌር አውራ ጎዳናውን ያያል፤ ነዋሪው ደጃፉን ያያል። ቅራኔውን ያባባሰው ደግሞ የሥልጣን ክፍፍሉ ነው። ዋና ዋናዎቹን አገር አቋራጭ መንገዶች የሚሠራና የሚጠግን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፤ የውስጥ ለውስጡ የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ነው፤ ጥፋተኛውን የሚያስቆመው ትራፊክ ፖሊስ ነው። በሦስቱ መካከል መናበብ ሲጓደል መንገዱ የሁሉም ይሆንና ኃላፊነቱ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ሕጉስ ምን ይላል? በአገራችን ለብዙ አሠርት ዓመታት ሲሠራበት የቆየው አደረጃጀት በከተማ ክልል ውስጥ የፍጥነት ወሰኑን በሰዓት ከ30 እስከ 60 ኪሎ ሜትር አድርጎ በተሽከርካሪው ዓይነት የሚከፋፍል ነው፤ ዝቅተኛው ለከባድ ጭነት መኪና፣ ከፍተኛው ለአውቶሞቢል። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 ደግሞ ጥፋቶችን በእርከን ለይቶ የሚያስቀጣ ሥርዓት ዘረጋ። እነዚህ ድንጋጌዎች አስፈላጊ መሆናቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን ወሰኑ በተሽከርካሪው ዓይነት ብቻ ሲከፋፈል፣ ተሽከርካሪው ይለያል እንጂ ጎዳናው አይለይም። ሕፃናት በሚርመሰመሱበት የትምህርት ቤት ደጅና ሰው በማይታይበት የከተማ ጠርዝ መካከል ያለው ልዩነት ከአዲስ አበባ ሆኖ በሚጻፍ አንቀጽ አይታይም። ይህንን ሊያይ የሚችለው በቦታው ያለው አስተዳደርና ነዋሪ ነው።

የቁጥሩ ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ቀላል ስሌት ያስረዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ በ30 የሚሄደው ደግሞ ከ8 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በደረቅ አስፋልት ላይ በ30 የሚሄደው በድምሩ በ13 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል። በ60 የሚሄደው ግን ወደ 37 ሜትር ያስፈልገዋል። አንድ ሕፃን በ15 ሜትር ርቀት ላይ ድንገት ቢገባ፣ የመጀመሪያው መኪና ሳይነካው ይቆማል፤ ሁለተኛው ሕፃኑ ዘንድ ሲደርስ ሹፌሩ ገና ፍሬኑን አልረገጠም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና ነው። በዝናብ ጊዜና እንደ ሶዶ ባለች ተዳፋታማ ከተማ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

እንግዲህ ወሰኑን ለመተመን ምን መለኪያ ይወሰድ? በብዙ አገሮች መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ የተከተሉት ዘዴ በመንገዱ ላይ ከሚያልፉት 100 መኪናዎች 85ቱ የማይበልጡትን ፍጥነት ለክቶ፣ ወሰኑን በዚያው አካባቢ ማድረግ ነበር። ዘዴው ሳይንሳዊ መልክ ቢኖረውም ጉልህ ጉድለት አለበት። በምርጫው የሚቆጠረው መሪ የጨበጠው ብቻ ነው፤ መንገዱን መሻገር ፈርታ የቆመችው አሮጊት በቆጠራው ውስጥ የለችም። ሁሉም ሲያጠፋ ጥፋቱ ሕግ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ በተለየ መንገድ፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደኅንነት ጉባኤ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ወሰኑ ከ30 እንዳይበልጥ አሳስቧል። የዚህ አመለካከት መነሻ የመኪናው አቅም ሳይሆን የሰው አካል የመቋቋም አቅም ነው።

ወሰንን ማሻሻል ቀላል የአስተዳደር ሥራ አለመሆኑን የሌሎች አገሮች ታሪክ ይመሰክራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1865 በከተማ ውስጥ በሞተር የሚሄድ ሠረገላ በሰዓት ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም እንዳይበልጥ ደነገገች። ኋላም ወሰኑን ደረጃ በደረጃ ከፍ ስታደርግ ቆይታ በ1930 ለአውቶሞቢል ጨርሶ አነሣችው። በ1934 ብቻ ከ7 ሺህ በላይ ሰው በመንገድ ላይ ካለቀ በኋላ ግን በ1935 በሕዝብ መኖሪያ አካባቢ የ48 ኪሎ ሜትር ወሰን እንደገና ተደነገገ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በበኩሏ ብዙ ሰው የሚሞትባቸውን 5 አውራ ጎዳናዎች በመዝገብ ለይታ እ.ኤ.አ. በ2018 ወሰናቸውን ከ60 ወደ 50 ዝቅ አደረገች፤ ከዚያም ወደ ሌሎቹ አስፋፋችው። ዌልስ በ2023 የመኖሪያ አካባቢ ወሰኗን ከ48 ወደ 32 ብታወርድም ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ተቃውሞ ፈረሙ። በማግስቱ ዓመት መንግሥት የአካባቢ ምክር ቤቶች የትኞቹ መንገዶች ወደ ቀድሞው ሊመለሱ እንደሚገባ እንዲመረምሩ አዲስ መመሪያ አወጣ። ከእነዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመዝገብ የተነሣ ማሻሻያ መንገዱን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ነዋሪው ያልተወያየበት ወሰን፣ ዓላማው መልካም ቢሆንም፣ በግብታዊ ተቃውሞ ይፈተናል።

በሌላ በኩል ምልክት መትከል ብቻውን መፍትሔ ነው ብሎ ማመን ስሕተት ነው። ሹፌሩ ከሰሌዳው ይልቅ መንገዱን ያነባል። ሰፊና ለስላሳ አስፋልት ዘርግቶ 30 ብሎ መጻፍ በአፍ ቀስ በል እያሉ በእጅ እንደ መግፋት ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገሃር መገናኛውን ስታሻሽል በቀለምና በምሰሶ ጥጎቹን አጥብባ፣ ለእግረኛው መቆሚያ ጨምራ ተሽከርካሪው በዝግታ እንዲታጠፍ አድርጋለች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከተሞቻችን የተስፋፋውና ወላይታ ሶዶንም የደረሰው የኮሪደር ልማትም ከዚህ አኳያ መመዘን ይገባዋል። የእግረኛ መንገዱ መስፋቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የተሽከርካሪው መንገድ አብሮ ሲሰፋና ሲለሰልስ ፍጥነትን ይጋብዛል፤ ስለዚህ የወሰን ክለሳው ከግንባታው ጋር አብሮ መሄድ አለበት እንጂ ከአደጋ በኋላ የሚታሰብ መሆን የለበትም። ሰው ከሞተ በኋላ በተለምዶ ብሬከር የሚባለውን ጉብታ መሥራት የተለመደ አካሄድ ነው። አባቶች ግን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል።

እዚህ ላይ የባጃጅና የታክሲ ሹፌሩን ችግር አለማንሳት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ተሽከርካሪው የራሱ ያልሆነ ሹፌር በየማታው ለባለንብረቱ የሚያስረክበው የተወሰነ ሒሳብ አለበት፤ ከዚያ የተረፈው ነው የልጆቹ እንጀራ። የሚያስሮጠው ጠባዩ ብቻ ሳይሆን ይህ የገቢ ግንኙነትም ጭምር ነው። ቢሆንም ሒሳቡ በትክክል ይታሰብ። 3 ኪሎ ሜትር ሳይቆሙ በ60 ለመሄድ 3 ደቂቃ፣ በ30 ለመሄድ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ተሳፋሪ ለማውረድና ለመጫን በየጊዜው በሚቆምበት ከተማ ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል። አንድ ሰው ቢገጭ ግን የሚጠፋው ሕይወት፣ ፍርድ ቤትና እስራት፣ የሁለት ቤተሰብ ኑሮ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በእህል ነው፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም። ስለዚህ የወሰን ጉዳይ ሲመከር ሹፌሩም ባለንብረቱም በጉባኤው መገኘት አለባቸው።

ታዲያ የነዋሪው ድርሻ ምንድን ነው? ማስረጃ ይዞ መቅረብ ነው። ይህም የሚያዳግት አይደለም። በመንገዱ ዳር፣ ከአስፋልቱ ውጭ ሆኖ፣ 50 ሜትር በገመድ ለክቶ ሁለት ምልክት ማድረግና መኪናው ከአንዱ እስከ ሌላው የሚፈጅበትን ጊዜ በእጅ ስልክ መያዝ ይቻላል። በ3 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ 60 ነው፤ በ6 ሰከንድ ካለፈ 30 ነው። በትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ከየአቅጣጫው ወደ አገሩ በሚጎርፍበት የጊፋታ ሰሞንም የታየውን በደብተር ማስፈር ይገባል። አደጋ የደረሰበትን ብቻ ሳይሆን ለጥቂት የተረፈበትንም ቦታና ሰዓት መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህን ይዞ ለቀበሌው፣ በቀበሌውም በኩል ለማዘጋጃ ቤቱና ለትራፊክ ፖሊሱ የሚቀርብ ማኅበር አቤቱታ አቅራቢ ብቻ አይደለም፤ የውሳኔው ተካፋይ ነው። አስተዳደሩም በበኩሉ የአደጋ መዝገቡን ለነዋሪው ግልጽ ማድረግ፣ አገር አቋራጩን መንገድ ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥና የወሰነውን በየዓመቱ መመርመር ይጠበቅበታል።

በመጨረሻም መታወስ ያለበት ነገር አንድ ነው። በከተማ ጎዳና ላይ አብዛኛው ሕዝብ እግረኛ ነው፤ መኪና ያለውም ከመኪናው ሲወርድ እግረኛ ይሆናል። ስለሆነም የጎዳና ፍጥነት የሚለካው በሞተሩ ጉልበት ሳይሆን መንገዱን ለመሻገር ብዙ ጊዜ በሚወስድበት ሰው እርምጃ መሆን አለበት። ሕፃኑና አሮጊቷ ያለ ሥጋት የሚሻገሩት ጎዳና ለሌላው ሁሉ የሚበጅ ጎዳና ነው።