ሂሳብ ለኑሮ፦ ጋሪው በበሩ ይገባል?



ጋሪ ሊገዛ የተነሳ ሰው ዋጋ ይጠይቃል። ጎማ ይመለከታል። ማደሪያውንስ አስቧል? ጋሪ ውጭ ካደረ ዝናብ ሳንቃውን ያበሰብሰዋል። ፀሐይ ጎማውን ትሰነጥቀዋለች። ስንዴ ተሽጦ፣ ወይም ልጅ ከደቡብ አፍሪካ ልኮ የተገዛ ጋሪ በደጅ ሲያልቅ ያሳዝናል። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት እንለካ።

በምን እንለካ? ክንድ ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዱ ክንድ 45 ሳንቲ ሜትር፣ የሌላው 50 ሊሆን ይችላል። በአራት ክንድ ላይ ልዩነቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ሜትር ግን አይለያይም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1799 ፈረንሳይ አገር በሕግ ተደነገገ። ዛሬ በሆሳዕናም በፓሪስም አንድ ሜትር 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ሜትር ከሌላችሁ ጨርቅ ሻጭ ዘንድ ሄዳችሁ ቀጥ ያለ ቀርከሃ ላይ ምልክት አድርጉ። ገመድ ይላላል፤ ቀርከሃ ግን አይላላም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንይ።

አንደኛ፣ ወርድ። የጋሪው ሳጥን 1 ሜትር ከ20 ነው። በሩ 1 ሜትር ከ60 ነው። «ይገባል!» እንል ይሆናል። ቆዩ! ጎማዎቹ ከሳጥኑ ውጭ ናቸው። ከጎማ ውጭ እስከ ጎማ ውጭ 1 ሜትር ከ65 ሆነ። 5 ሳንቲ ሜትር ጎደለ። ጋሪው አይገባም። በሩ ከጋሪው በግራም በቀኝም ቢያንስ አንድ አንድ ጋት መስፋት አለበት።

ሁለተኛ፣ ርዝመት። ሳጥኑ 2 ሜትር ነው። ፈረሱ የሚታሰርባቸው ሁለት እንጨቶች ወደ ፊት 1 ሜትር ከ60 ይወጣሉ። ሲደመር 3 ሜትር ከ60 ነው። ክብ ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 6 ሜትር ነው። ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን መካከሉ ላይ ምሰሶ አለ። ከበሩ እስከ ምሰሶው 3 ሜትር ብቻ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ውጭ ይቀራል። ምሰሶውን እንዳትነኩ! ጣሪያው ያረፈው በሱ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ከፍታ። እንጨቶቹን ወደ ላይ ብናነሳስ? ርዝመቱ ይቀንሳል፣ ከፍታው ግን ይጨምራል። ስለዚህ የበሩን ጉበንና የጣሪያውን ዝቅተኛ ቦታ ለኩ።

አራተኛ፣ መንገድ። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ፣ በእንሰቱ መካከል ያለውንም ለኩ። ለጋሪ ተብሎ እንሰት መቁረጥ ኪሳራ ነው።

ካልበቃስ? በሩን አስፉ፤ ወይም ከቤቱ ጎን አራት ማዕዘን መጠለያ ሥሩ። ይህ ሁሉ ከግዢው በፊት ይሁን። አስር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በሩ 1 ሜትር ከ70፣ ጋሪው ከጎማ እስከ ጎማ 1 ሜትር ከ65 ቢሆን በያንዳንዱ ጎን ስንት ሳንቲ ሜትር ይተርፋል? ይበቃል? በደብተራችሁ ሥሩት። ከዚያ የራሳችሁን በር ለኩ።