መቀላቀል ያልፈለገው ማን ነው?

መጀመሪያ ስሙ ይጥራ። እዚህ «ሮማ» ሲባል የጣልያኗ ከተማ አይደለችም። በተለምዶ «ጂፕሲ» የሚባለው፣ አውሮፓ ውስጥ ቁጥሩ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን የሚገመተው ሕዝብ ነው። (ጂፕሲ የሚለው ስም ራሱ ስህተት ነው። ሕዝቡ ከህንድ የመጣ ሆኖ ሳለ ከግብፅ የመጣ መስሏቸው ያወጡለት ነው።) ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ሕዝብ አውሮፓ ውስጥ የምትዘወተር አንዲት አባባል አለች፦ «ራሳቸው ናቸው መቀላቀል የማይፈልጉት»። የታክሲ ሹፌሩም ይላታል፣ የምክር ቤት አባሉም ይላታል፣ ተራማጅ ነኝ ባዩ ምሁርም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይላታል። ውሸት ናት። ያውም በማስረጃ የምትጋለጥ ውሸት።

ሩማንያ ውስጥ ክሉዥ የምትባል ትልቅ ከተማ አለች። መሀል ከተማ፣ ኮስቴይ በሚባል ጎዳና 76 ያህል የሮማ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸው እዚያው አካባቢ ይማራሉ፣ ወላጆች ከተማው ውስጥ ይሠራሉ። ከዚህ በላይ መቀላቀል ምንድን ነው? ታኅሣሥ 2010፣ በዚያ ብርድ፣ ከተማው አስነሣቸውና ፓታ ራት ወሰዳቸው። ፓታ ራት የከተማው ቆሻሻ መድፊያ ያለበት ነው። ገሚሱ ጠባብ አንድ አንድ ክፍል ተሰጠው፣ ገሚሱ ያም አልደረሰውም። ዛሬ እዚያ የሚያልፍ ሰው «አየሃቸው፣ ቆሻሻ መሀል መኖር ይወዳሉ» ይላል።

«ይሰርቃሉ እኮ!» የሚል አይጠፋም። የሚሰርቅ ሮማ አለ፤ የማይሰርቅ ሕዝብ የት ተገኘና! እነዚያን ቤተሰቦች ያፈናቀለው አስተዳደር ከንቲባ በቀጣዩ ዓመት በሙስና ተይዞ ታሰረ፣ ኋላም ተፈረደበት። አንድም ሰው ግን «የእነሱ ዘር ሌባ ነው» አላለም። የከንቲባው ስርቆት የከንቲባው ብቻ ሆኖ ቀረ። የአንድ ሮማ ልጅ የኪስ ቦርሳ ሲያወጣ ከተያዘ ግን ጥፋቱ የ10 ሚሊዮን ሰው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ትምህርት ቤት ነው። በቼክ ሪፐብሊኳ ኦስትራቫ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የሮማ ልጅ «ልዩ ትምህርት ቤት» የመመደብ ዕድሉ ከሌላው ልጅ 27 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ልዩ የተባለው የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የተቋቋመ፣ ትምህርቱም የቀለለ ነው። ልጆቹ ጤነኞች ናቸው። የሚለኩበት ፈተና ግን የብዙኃኑን ልጆች ቋንቋና ኑሮ ታሳቢ አድርጎ የተዘጋጀ ነው። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ! 18 ልጆች በወላጆቻቸው በኩል ከሰሱ። መንግሥት «ወላጆች ፈርመዋል» ብሎ ተከራከረ። በኅዳር 2007 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት 13 ለ4 በሆነ ድምፅ አድልዎ ተፈጽሟል ሲል በየነ፤ ልጅ በዘሩ እንዳይገለል ያለውን መብት ወላጅ በፊርማ አሳልፎ ሊሰጥበት አይችልም አለ። ፍርዱ መጣ፣ ልጆቹ ግን አድገው ነበር። እዚያ የተማረ ሰው ምን ሥራ ያገኛል? ሥራ ሲያጣ ደግሞ «ሰነፎች ናቸው»።

ነገሩ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ አይደለም። ጣልያን የሚኖር ሐበሻም አዲስ ለመጣ ወንድሙ «ከዚንጋሪ ተጠንቀቅ» ብሎ ሲመክር ይሰማል። ይኸው መካሪ አውቶቡስ ላይ አጠገቧ ሲቀመጥ ቦርሳዋን ጠበቅ የምታደርገውን ሴትዮ በደንብ ያውቃታል። አገሩም እያለ ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» ሲባል ሰምቷል። ብዙ ሮማዎችም የኖሩት በብረትና በመዳብ ሥራ ነው፤ እጃቸው የሠራውን ድስት ገዝቶ ሰውየውን መጸየፍ እዚያም የቆየ ልማድ ነው።

«መዞር በደማቸው ነው» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሮማ ቋሚ ነዋሪ ነው። የዛሬዋ ሩማንያ ባለችበት ምድር ደግሞ ለ500 ዓመት ያህል መዞር ቀርቶ የራሱ ጌታ እንኳ አልነበረም። ባሪያ ነበር፤ ባርነቱ ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ1856 ነው።

አሁን ወደ ግንቡ። ስሎቫኪያ ውስጥ ኮሺትሴ በ2013 የአውሮፓ የባህል መዲና ተብላ ተመርጣ ነበር፤ በዚያው ዓመት አንዱ ወረዳዋ ከሮማ ሰፈር የሚለየውን ግንብ ሠራ። የኡስቲ ናድ ላቤም ታሪክ ግን ይብሳል። በዚህች የቼክ ከተማ፣ ማቲችኒ ጎዳና ላይ፣ ጎረቤቶች ሮማዎቹ ረበሹን ብለው አቤት በማለታቸው ጥቅምት 1999 ግንብ ተገነባ። ዓለም ጮኸ፣ ግንቡ ሁለት ወር ሳይሞላው ፈረሰ። ማዕከላዊው መንግሥት ለከተማዋ 10 ሚሊዮን ኮሩና ሰጠ። ከገንዘቡ ከፊሉ የዋለው አቤት ያሉትን ጎረቤቶች ቤት ለመግዛት ነው። ጎረቤቶቹ ዋጋቸውን ተቀብለው ሄዱ። ሮማዎቹ እዚያው ቀሩ።