መሥሪያ ቤት ይሸለም?

እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሲ40 የተባለው የታላላቅ ከተሞች ጥምረት የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር በትራንስፖርት ዘርፍ ሸለመ። በ2022 ደግሞ የከተማዋ የተማሪዎች ምገባ ከሚላን የከተሞች የምግብ ፖሊሲ ስምምነት ሽልማት አገኘ። ሁለት ጸሐፊዎች እንዲህ ያለው ሽልማት ምን ይፈይዳል በሚለው ላይ ተሟግተዋል።

ይሸለም

የከተማ ሠራተኛ ስሙ የሚነሳው ሲያጠፋ ብቻ ነው። ቧንቧው ሲደርቅ ስልኩ ይጨናነቃል፤ ውኃው ሲመጣ አመስጋኝ የለም። ባንክ የገባው የትምህርት ቤት ጓደኛው በዓመቱ መጨረሻ ቦነስ ሲቆጥር፣ የወረዳው ባለሙያ የሚጠብቀው ያችኑ የወር ደመወዙን ነው። ለእሱ የምስክር ወረቀት እንኳ ሲበዛበት ይገርማል!

ምገባውን እንመልከት። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጓሮ እናቶች ገና ሳይነጋ ምድጃ ያያይዛሉ፤ ለቁርስ ተሰልፈው የሚመጡት ልጆች ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ባዶ ሆዳቸውን ክፍል የሚገቡ ነበሩ። ይህን ሥራ የሌላ አገር ከተሞች አይተው «እንዴት አደረጋችሁት?» ብለው እንዲጠይቁ ያደረገው ሽልማት ነው። ሌላም ጥቅም አለው። በዓለም ፊት የተሸለመን ፕሮግራም ቀጣዩ ሹም በጀት አጠረኝ ብሎ በቀላሉ አያጥፈውም።

የባቡሩም ሽልማት ሐሰት አልነበረም። ሥራ ሲጀምር ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሄድ በመሆኑም ጭስ የለውም። ታክሲ ፍለጋ ሲጋፋ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኋላ የመጣው ችግር የመጀመሪያውን ሥራ አይሰርዘውም።

ይቅር

ባልደረባችን «ኋላ የመጣው ችግር» ብለው በአንድ ሐረግ ያለፉት ነገር የሙግቱ እምብርት ነው። ባቡሩ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው፤ ሲሸለም ገና ዓመት ከጥቂት ወር ቢሆነው ነው። በዚያ ዕድሜ የማያምር ባቡር የት አለ? 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ፣ ለመግዣው የውጭ ምንዛሪ ታጣ። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ቆሙ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ተሳፋሪም ወደ ታክሲ ሰልፉ ተመለሰ።

ደግሞስ የተሸለመው ማን ነው? ፕሮጀክቱን ያስገነባው የፌዴራሉ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው፤ ሽልማቱ የተመዘገበው በከተማዋ ስም ነው። ምገባው መልካም ሥራ ነው፣ በዚህ ሙግት የለም። ግን እሱንም ቢሆን መንግሥት በሰፊው ከመያዙ በፊት የእናት ወግን የመሳሰሉ በጎ አድራጊዎች ጀምረውት ነበር። ሽልማት የመጨረሻውን ሰው ፎቶ አንስቶ የቀደመውን ይረሳል።

የአገር ቤቱ ሽልማትማ ይብሳል። በብዙ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች መግቢያው ላይ በመስታወት የታጠረ «የላቀ አፈጻጸም» የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ባለጉዳዮች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከመስኮቱ በኩል የሚመጣው መልስ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ነው። ወረቀቱ የተገኘው በሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱን የጻፈው ራሱ ተሸላሚው ነው። ኮከብ ሠራተኛ የሚመረጠውም አንዳንድ ቦታ እንደ ዕቁብ በተራ ነው፤ አምና እሷ፣ ዘንድሮ እሱ።

መሸለም ግድ ከሆነ ዳኛው ባለጉዳዩ ይሁን፤ ጊዜውም ሪባኑ በተቆረጠ በአምስተኛው ዓመት። ያኔ መድረክ የሚወጣው በሌሊት ዲፖ ውስጥ የተሰበረ ባቡር ሥር ተኝቶ ብሎን የሚፈታው ቴክኒሻን ሊሆን ይችላል፤ እስካሁን በዕጩነት የጠቆመው አልተሰማም።